ሣጥኑ ውስጥ ያለው ድምፅሽ

ሞላሌ፣ ኅዳር ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለፀደንያ፤ የኖርዌይ ብርድ እንደምን ይዞሻል? እኛ በቸርነቱ አለን።

አባትሽ በሕይወት አሉ። አስቀድሜ የምጽፈው አመልሽን ስለማውቅ ነው። ወንድሜ ወሰኔ ደብረ ብርሃን ወርዶ ሲደውልልሽ፣ "መርዶ እየደበቃችሁኝ ነው፤ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ" አልሽው አሉ። ተይ። እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ እንጂ የደበቅንሽ ነገር የለም። ከታች በራሳቸው እጅ ይጽፉልሻል፤ የእሳቸውን ጽሕፈት ደግሞ ማንም አስመስሎ አይጽፈውም።

የሚካኤል ዕለት ታቦቱ ወጥቶ፣ አባትሽ ጽናጽላቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ዘፍ ብለው ወደቁ። ሰው ሁሉ መንፈስ ነው አለ። የንስሐ አባታችን ቄስ ኪዳነ ወልድ ጠበል አምጥተው አፈሰሱባቸው። ወሰኔ ጆሮውን አፋቸው ላይ ደቅኖ "ይተነፍሳሉ፤ ተዉአቸው ይረፉ" አለ። እኔም አምኜው ነጠላዬን ላለብሳቸው ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ ፈንታ ግን አምና ያመጣሽለትን የልብ መሣሪያ ሣጥን አንጠልጥሎ ሕዝቡን እየገፋ ደረሰ። "እማማ፣ ይሄ ማጣጣር ነው እንጂ ትንፋሽ አይደለም" ብሎ ልብሳቸውን ቀደደና ደረታቸውን መጫን ጀመረ። ክዳኑን እኔ ከፈትኩት።

አንቺ ተናገርሽ። መሣሪያው አማርኛ እንደሚናገር ነግረሽኝ ነበር፤ ድምፁ ያንቺ መሆኑን ግን ምነው ደበቅሽኝ? ፈንታ ሁለቱን ፕላስተሮች ደረታቸው ላይ ቢለጥፍ አልያዝ አሉ። "ደረቱን አድርቁ" አልሽ። ቄስ ኪዳነ ወልድ "ጠበል በጨርቅ አይጠረግም፤ በራሱ ይድረቅ" አሉ። የንስሐ አባቴን ቃል ተላልፌ አላውቅም። "አባ ይፍቱኝ፣ የልጄ ቃል ነው" ብዬ በነጠላዬ ጠረግኋቸው። ነጠላዋን እስካሁን ውኃ አላስነካኋትም፤ ከመስቀሌ ጋር አስቀምጫታለሁ።

ከዚያ ሣጥኑ ዝም አለ። ፈንታ "የልባቸውን ኤሌክትሪክ በፕላስተሮቹ በኩል እያነበበ ነው" አለኝ። ስንት ጊዜ ብታስረጂኝ ያልገባኝ ሥራሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ለእኛ የሚተነፍሱ መስለውን ነበር፤ ሣጥኑ ግን ልባቸውን ጠየቀ። "የታማሚው የልብ ምት ተዛብቷል፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያስፈልገዋል። ራቁ፤ ማንም አይንካው" አልሽ። እጃቸውን ይዤ ነበር። ሌላ ሰው ቢለኝ አልለቅም። አንቺ ስለሆንሽ ለቀቅሁ።

ሣጥኑ በኤሌክትሪክ ሲነዝራቸው ብድግ ብለው ወደቁ። ፈንታ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ደረታቸውን ሲጫን ከቆየ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ይመስልሻል? "ጽናጽሌን ማን ወሰደው?"

ደብረ ብርሃን ሰንብተው አሁን ቤት ናቸው። ጨው ስለከለከልኳቸው ቀኑን ሙሉ ይነጫነጩብኛል፤ ይነጫነጩ፣ ደስ ይለኛል። ቄስ ኪዳነ ወልድም "ጠበሉም ሣጥኑም የእግዚአብሔር ነው" ብለው ፈተውኛል።

አንድ ክስ ግን አለኝ። ፈንታ "ክዳኑን በከንቱ እየከፈተ ባትሪውን የሚጨርስ ሰው አለ፤ ነገ ሌላ ሰው ቢወድቅ ምን ልንሆን ነው?" ብሎ ተቆጣ። አባትሽ ናቸው። ደም ግፊት ልለካ እያሉ ይሄዱና ድምፅሽን ይሰማሉ። ብመክር አልሰማ አሉኝ። ስለዚህ ባትሪ ላኪ። ለእሳቸው ስትዪ ደግሞ ድምፅሽን ቀድተሽ በሰው ላኪላቸው። ሣጥኑ ብዙ ነገር ይላል፤ "እማዬ" ግን አይልም።

የሰው ልብ እንደጠበቅሽ የአንቺንም ልብ ሚካኤል ይጠብቅልኝ። የሰው አገር አይክበድሽ።

እናትሽ አመተሥላሴ

ልጄ ፀደንያ፤ እኔ አባትሽ አትናቴዎስ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ይህን የምጽፈው እናትሽ ፖስታ ፍለጋ ስትወጣ ነው። ከወደቅሁ ወዲህ ጤና ጣቢያ ሄጄ አላውቅም፤ ዳገቱን አልችለውም። ሥራሽን ስትጨርሺ ነዪላት።