መሪው ዝም ሲል

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ልጁስ ሌሊት ያስተኛሻል ወይስ እንደ እናቱ አልቃሻ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ አባርቷል፣ ገብሱም እየደረሰ ነው። አባባም ደህና ናቸው፤ የእሳቸውን ነገር ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

ለክርስትናው ስትመጪ፣ አንቺንና ልጁን ከደብረ ታቦር መናኸሪያ እኔው ነድቼ አመጣለሁ ብለው ለአገር ምድሩ አውርተዋል። ያቺን አሮጌ መኪናችንን ታውቂያታለሽ፤ የፊት ጎማዋ ድንጋይ በነካ ቁጥር መሪዋ እጅ ይመታል። አባባ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ አንጓቸው አብጦ እንጀራ መቁረስ ያቅታቸው ነበር። አንጀቴ አልችል ቢለኝ ጋሽ ኸድር ጋራዥ ወሰድኳት።

ጋሽ ኸድር መቼም ወሬ ሳይጨምሩ ብሎን አይፈቱም። መኪና ገና ሲፈጠር የመንገዱ ምት ሁሉ በመሪው በኩል ክንድ ላይ ያርፍ ነበር አሉኝ። ኋላ መሐንዲሶቹ በጎማውና በመሪው መሃል ጥርሳም ብረት አስገብተው ምቱን አስቀሩት፤ ጨርሰው ሲያስቀሩት ደግሞ ነጂው መንገዱን እጁ ላይ መስማት አቃተው፤ ስለዚህ ጥቂት መተው ግድ ነው አሉ። እኔ ደግሞ የምን ጥቂት፣ ሁሉንም ያጥፉልኝ አልኩ። ከመሪው ዘንግ ጋር ምቱን የሚውጥ አሞርዛተር አሰሩልኝ፤ መሪው ለሰለሰ።

አባባ እየነዱ፣ ከገሳይ ከተማ አስፋልቱን ለቀን ወደ እኛ ጠጠር መንገድ ስንገባ ፊታቸው ተለወጠ። ምን አደረጋችሁብኝ፣ መሪው እኮ ዝም አለኝ አሉ። ይለምዱታል ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው ከመንገድ ወጥተን የጎረቤታችን የደምሴ ገብስ ውስጥ ገባን። ፍሬን እንኳ አልያዙም! መንገድ ላይ እንዳሉ ሁሉ ቀጥ አድርገው ይነዳሉ። ጮኼ ነው ያስቆምኳቸው። ቆመው ምን አሉኝ መሰለሽ? የት ነው ያለነው አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ!

ሰው አልተጎዳም። ለካ የጠርዙ ጠጠር እጃቸውን ሲመታቸው ነበር ወደ መሃል የሚመለሱት። እኔ ጅሉ ደግሞ ያንን አጠፋሁባቸው። ስንቴ አጠገባቸው ተቀምጬ እንቅልፌን ለጥጬአለሁ መሰለሽ! እዚያው ገብሱ መሃል አለቀስኩ። እሳቸው ግን በማግስቱ ያንን ነገር ፍታልኝ፣ ልጄን ላመጣ ነው አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ ቁልፉንም ደበቅሁ። ከዚያ ወዲህ አኩርፈውኛል።

በሞቴ፣ ደውይና አራስ ነኝ፣ የዚያችን መኪና ንጠት አልችልም፣ በሚኒባስ ነው የምመጣው በያቸው። ካንቺ ከመጣ በጄ ይላሉ። ሌላውን አታንሺባቸው፤ ሰው ፊት እንዳያፍሩ። ከክርስትናው በኋላ ለሁለት አባብለን ባሕር ዳር የዓይን ሐኪም ዘንድ እንወስዳቸዋለን።

እመቤቴ ማርያም አንቺንም ልጅሽንም በሰላም ታምጣችሁ። አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሻል። ስትደርሺ ዝም ብለሽ ሄደሽ እንዳትስሚያቸው፤ ከሩቅ አባባ ብለሽ ጥሪያቸው። ልጁንም አታሳዪያቸው፤ አስታቅፊያቸው።

ናፋቂሽ ወንድምሽ