የቀጠነው ወተት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ዛሬ የእንስሳት ባለሙያው ላሚቱን ሊያይ መጥቶ ነበር። ወተቷ ሲናጥ ቅቤው ለምን እንዳነሰ ጠየቅሁት። «ድርቆሽ ቀንሰሽ ፉርሽካ ስታበዢባት ወተቷ ይበዛል፣ ቅባቱ ግን ይሳሳል» አለኝ። ድርቆሽ ሲጠፋ መኖውን የለወጥኩት እኔው ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ስታልብልኝ የኖረችውን ጎረቤቴን ዘይነባን ግን ባለፈው ወር «ወተቱ ላይ ውሃ ጨምረሻል» ብዬ አባረርኳት። ያውም ሰው ፊት።

ባለሙያው እንደሄደ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤቷ ሄድኩ። ሁሉንም ነግሬያት «አውፍ በይኝ» አልኳት።

«አውፍ ብያለሁ፣ አላህም ይበልሽ። ላምሽን ግን ሌላ ሰው ይለብልሽ» አለችኝ።

ስወጣ እንደ ወትሮው እስከ አጥሩ አልሸኘችኝም።