የአያ ፈንታ ማሳ የተለካ ዕለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ከቡሬ ወጣ ብሎ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የተመረጠውን መሬት ለክተን ጨረስን። የመጨረሻው የአያ ፈንታ ማሳ ነበር፤ በቆሎው ገና አልተሰበሰበም። ሽማግሌው ችካል ስተክል ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ያ ድንጋያማው ተረተር ፀሐይ አያገኘውም ወይ? እዚያ ቢተክሉትስ?» አሉኝ።

ተረተሩ ዳገት ነው ተብሎ ገና ዱሮ ከምርጫው እንደወጣ አውቃለሁ። እውነቱን ልነግራቸው ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። «ያሉትን ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ። «አንቺን የወለደች ማኅፀን ትባረክ» ብለው መረቁኝ፤ ወዲያው ባለቤታቸውን ጠርተው «መሬታችን ሊተርፍልን ነው!» አሏቸው። ባለቤታቸው ግን በበቆሎው መሀል የተተከሉትን ችካሎች አንድ በአንድ ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገብቼ ሪፖርቱን አስረከብኩ። ስለ ተረተሩ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ብጽፈውም የሚሰማኝ የለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ፤ አያ ፈንታ ግን ይሄኔ ለጎረቤት ሁሉ የምሥራቹን ሳያዳርሱ አይቀሩም።

መሬቱን ልቀቁ የሚለውን ደብዳቤ ሰኞ ይዤላቸው የምሄደው እኔው ነኝ። ምን ብዬ እንደምሰጣቸው አላውቅም።