ዳርቻ ያልደረሱት ዶልፊኖች

ቼርኒ ኖስ፣ ጁን 11 ቀን 2018

ለልጄ ለሲያና፣

ስልክ ብደውል እንደማታነሺ ስላወቅሁ ነው ብዕር ያነሳሁት። እስካሁን ካልቀደድሽው ትንሽ ታገሺኝና ጨርሰሽ አንብቢው። ጤናሽ እንዴት ነው? ሃምቡርግ ውስጥ አንድ ሆቴል አንሶላ ትቀይራለች ብለው ነገሩኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር የተማረች ልጅ የሰው አንሶላ ስትቀይር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የምቆጣው ደግሞ በማን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል።

እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ሆኖም የቲማቲም መደቧን ማንንም አታስነካም። እኔም ደህና ነኝ። ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ግን እንደተቆጣሁ እበላለሁ፣ እንደተቆጣሁ እተኛለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከዋና ከተማው ከሶፊያ አንድ የመንግሥት ሰው መጣ። ክራቫት ያሰረ፣ ጫማው አሸዋ ረግጦ የማያውቅ። ዓሣ አጥማጁን ሁሉ የባህል ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበና ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ። ያቺን እኛ የባሕር አሳማ የምንላትን፣ አንቺ «አባዬ፣ ዶልፊን ናት፣ በስሟ ጥራት» እያልሽ የምትቆጪኝን ትንሿን ዶልፊን አሳየን። ቀጥሎ ቁጥር አመጣ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ጸደይ ዳርቻችን ላይ ሞተው የተገኙት አርባ አንድ፤ ዘንድሮ አራት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለን። «ዶልፊኖቻችን እያገገሙ ነው። ይህ የእናንተ ጥንቃቄ ውጤት ነው። ቀደም ሲል በመቶ የሚቆጠሩ በመረብ ታንቀው ያልቃሉ ብላ ያስፈራራችን ባለሙያ ነበረች። እንደምታዩት፣ ሪፖርቷ የተጋነነ ነበር።»

ስምሽን አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ሠላሳ ዓመት አንድ ጀልባ ላይ አብሮኝ የሠራው ጌንቾ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። በክርኑ ጎሰም አድርጎኝ «አጨብጭብ እንጂ አንተ! እያመሰገኑን እኮ ነው» አለኝ። አጨበጨብኩ፣ ሲያና። ልጄን ውሸታም ላለ ሰው አጨበጨብኩ።

አሁን ሦስት ዓመት የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ያኔ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን የሞቱ ዶልፊኖች ስትቆጥሪ አርፍደሽ ከባሕር ዳርቻ ደብተርሽን ይዘሽ መጣሽ። ጠረንሽ ስለማይቻል እናትሽ እጅሽን ሁለት ጊዜ አስታጥባሽ ነው ምሳ ያቀረበችው። እየበላን «ለመሆኑ ከሞቱት ውስጥ አንዳንዱ ዳርቻ የሚወጣው፣ አንዳንዱ የሚቀረው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ስለ ሥራሽ ስጠይቅሽ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለሽ። ሹካሽን አስቀምጠሽ በእጅሽ ጭምር አስረዳሽኝ፤ ስትሞት መጀመሪያ ትሰምጣለች፣ ከዚያ ሆዷ ውስጥ ጋዝ ሲሞላ ታብጣና ትንሳፈፋለች፣ ነፋሱም ወደ ዳርቻ ይገፋታል። ሆዷ ከተከፈተ ግን ጋዙ ይወጣል፤ እዚያው ሥር ትቀራለች። «ስለዚህ አባዬ፣ እኔ የማገኘው ከብዙው ጥቂቱን ነው» አልሽኝ።

በሳምንቱ አንዷ ጠፍጣፋውን ዓሣ ካልካንን በምናጠምድበት መረባችን ታንቃ ወጣች። እኔ ቢላዬን መዘዝኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ጌንቾ።

«ዝም ብለህ እይ።»

ሆዷን ቀድጄ ለቀቅኳት፤ እንደ ድንጋይ ነው የሰመጠችው። አስከሬኑ ዳርቻው ላይ ከበዛ መረባችንን ይከለክሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወር ሳይሞላ በዚህ ዳርቻ ያለ ጀልባ ሁሉ እንዲሁ ማድረግ ጀመረ፤ መጠጥ ቤት «የያንኮ ዘዴ» እያሉ በስሜ ራኪያ ጠጡ። አንቺ በየማለዳው አሸዋውን ስትዞሪ ከዓመት ዓመት የምታገኚው እያነሰ ሄደ። «አልገባኝም፣ አባዬ። መረቡ አልቀነሰ፣ የሞቱት የት ሄዱ?» ስትይኝ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ዳቦዬን እቆርስ ነበር። በመጨረሻ ዋሽተሻል ብለው ከሥራ ሲያባርሩሽ «ቁጥሩ ራሱ ይናገራል» ያልኩሽም እኔ ነኝ። በዚያች ቃል ነው ሻንጣሽን ይዘሽ የወጣሽው።

ዘንድሮም ያው ነው። ካልካን እንቁላሏን በምትጥልበት ወር መረብ መጣል ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሆቴሎቹ ግን በጓሮ በራቸው ዓሣውን እየተቀበሉ እንግዳ ፊት በሎሚ አስጊጠው ያቀርባሉ፤ አንድም የሚጠይቃቸው የለም። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ ዶልፊኖቹ የሚበሉትን ትናንሽ ዓሣ ጠራርገው ይወስዳሉ። የተራበው እንስሳ ወደ እኛ መረብ ይመጣል፣ አየር ለመሳብ መውጣት ሲያቅተው ይሞታል። ከዚያም እኛ ሆዱን እንቀድዳለን። በሜይ አንዷን ስቀድ ግልገሏ ሙሉውን ወጣ። ቀኗ ደርሶ ነበር። ቆዳው ላይ እናቱ ሆድ ውስጥ የታጠፈበት መስመር እንኳ ይታይ ነበር። ጌንቾ «ይህቺስ ባለ ሁለት ፎቅ ናት!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ሁለቱንም ወደ ባሕሩ ወረወርኩና መረቡን መጎተቴን ቀጠልኩ። ይህንንም እወቂው፤ ያኔ እንኳ አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ግን ጭብጨባው ሲያበቃ ያ ሰውዬ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት አወጣና «በዕድሜ አንጋፋው አቶ ያንኮ ይቀበሉልን» አለ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያኖረው ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«ጌታው፣ ዶልፊኖቹ አላገገሙም» አልኩት። «እንዲሰምጡ ሆዳቸውን እየቀደድን ነው። ዘንድሮ በእኔ ጀልባ ብቻ አሥራ ዘጠኝ።»

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ጌንቾ ከታች «ሰክሯል፣ አውርዱት!» እያለ ጮኸ።

«ከሻይ ሌላ የቀመስኩት የለም! ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከልጄ አፍ ሰምቼ ልጄን አታለልኩበት። እሷ አልዋሸችም፤ የዋሸነው እኛ ነን።»

ሰውዬው ክራቫቱን አስተካከለ። «በጽሑፍ የተያዘ ማስረጃ አለዎት?»

«ማስረጃው ባሕሩ ሥር ነው፤ ጥለቅና ቁጠረው!»

ሰዓቱን አየ። ሌላ ስብሰባ እንዳለው ተናግሮ ሄደ። የምስጋና ወረቀቱን እንኳ ከእጄ መልሶ ሳይወስድ!

ጌንቾ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባው ላይ እንዳልደርስ ብሎኛል። ግማሹ የእኔ መሆኑን ረስቶት ይሆናል፤ ይርሳው። እናትሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ቤት ስንገባ «ልጄን ከቤቴ ያስወጣሃት አንተ ነህ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ የምታናግረው ድመቷን ነው። «ለሽማግሌው ሾርባው እንደቀረበ ንገሪው» ትላታለች። ፈርዳብኛለች፣ ፍርዷም ልክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከስብሰባው በኋላ ባለ ጀልባዎቹ ተቆጣጣሪ ይመጣል ብለው ስለፈሩ ቢላቸውን ደበቁ፤ መረባቸውን ግን አላነሱም። ዓርብ ጠዋት ከመርከብ መሪው የመብራት ማማ በታች ሦስት ዶልፊኖች ሞተው ወጡ፣ ቅዳሜ አምስት። እስከ ዛሬ አሥራ ሰባት ደርሰዋል። ሶፊያ ስደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉኛል። ማዘጋጃ ቤቱ ቱሪስቶች ሳይመጡ ልቅበራቸው ብሎ ትራክተር ልኮ ነበር፤ ትራክተሩ ፊት ቆሜ «መጀመሪያ ይቆጠራሉ» አልኩ። ሹፌሩ አጠገቤ ቆሞ ሲጋራውን እስኪጨርስ ጠበቀኝ። ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ፣ የተገኙበትን ቦታና ሰዓት ጽፌያለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በውል አዋዋይ ፊት የፈረምኩበት ቃሌ አለ። ጀልባዬን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቢላውን፣ ሁሉንም ዘርዝሬበታለሁ። ለፈለግሽው ሰው፣ ለፈለግሽው ጋዜጣ ስጪው። ከፈለጉ ይክሰሱኝ፤ ያንቺ ስም ግን ይመለስ። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም፣ ስለዚህ አልልም።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ይጠብቅሽ። እኔ የወሰድኩብሽን እሱ እጥፍ አድርጎ ይስጥሽ።

ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፤ ነገም የሚወጡ ይኖራሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝቻለሁ። ርዝመታቸው ሲለካ ከአፍንጫቸው ጫፍ እስከ ጭራቸው መሐል ነው ወይስ እስከ ጭራቸው ጫፍ? ነግረሽኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የሚጠቅመኝን ብቻ ነው።

አባትሽ ያንኮ