ለሸጊቱ ቆዳ የመውጫ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ጥር 13 ቀን 1978 ዓ.ም.
ሱዳን፣ ከሾዋክ ማዶ፣ ከስደተኞች ካምፓችን

ለተከበሩ አቶ ላቀው፣ የካምፓችን የጤና ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ ከአንገትዎ የማይወርደው የማኅተም ከረጢት ደኅና ናቸው? እኔ አስናቀው፣ እርስዎን ከማሰብ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ለፈጠረን ምስጋና ይድረሰው።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጤና ጣቢያው በር ላይ የምለጥፈው ስለ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ነው። ደጃፉ ላይ ባለው፣ ዚር በሚሉት የውኃ ጋን ጣሳው የታሰረበት ሰንሰለት አጭር በመሆኑ እንደኔ ያለ ረጅም ሰው ለመጠጣት መንበርከክ ግድ ሆኖበታል። በሽተኛ ውኃ ሲጠጣ ለኮሚቴው እንዲሰግድ ታስቦ ከሆነ ሐሳቡን አደንቃለሁ፤ ካልሆነ ግን አንድ ስንዝር ይጨመርልን።

ሰንሰለቱ ለምን እንደመጣ ግን አውቃለሁና አላስመስልም። የቀድሞውን ጣሳ የእህቴ ልጅ ሸጊቱ ስለጠጣችበት የጤና ጣቢያው ዘበኛ በእንጨት አንሥቶ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። አዲሱ ወደ እሷ እንዳይወሰድ ታሰረ፤ እሷም ከሰፈሩ ዳር ባለች የሣር ጎጆ ብቻዋን እንድትቀመጥ ተደረገ። በካርዷ ላይ «ተላላፊ» ብለው በቀይ የጻፉት እርስዎ ነዎት። የእጅ ጽሕፈትዎ ያምራል።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጠው፤ ባለሥልጣን በቁጥር ሲነግሩት ደስ ይለዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

1. ስለ ሕክምናው። መጀመሪያ እከክ ነው ብለው ያንን የሚለበልብ ነጭ መድኃኒት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር አስቀቡን፤ እሷን ብቻ ሳይሆን እኔንና ባለቤቴን ወለተ ማርያምንም ጭምር። እኛ ሳያሳክከን ተቃጠልን፣ እሷ እንደነበረች ቀረች። ቀጥሎ ችፌ ነው ተባለና ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መድኃኒት ተቀብታ ሁለት ሳምንት እንደ ተነከረ ጨርቅ ሆና ሰነበተች። በታኅሣሥ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ ጎጆው ተገኘ። ለሦስቱም እናመሰግናለን።

2. ባለፈው ክረምት ከእርዳታ ሰዎች ጋር የመጣችው ነርስ የሸጊቱን ክርንና ጉልበት አይታ፣ ነጩን ቅርፊት በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ፣ «ሶሪያሲስ» ብላ ስሙን በወረቀት ጻፈችልኝ። እኔ ፊደል የለየሁት ከሳሙና መጠቅለያና ከስኳር ጆንያ ላይ ቢሆንም ነገሩን በሚገባ ተረድቻለሁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጨርሶ ባይለቅም ይገታል። ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ቅባት አለው፤ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ፣ ሽታው የሚከብድ ጥቁር ቅባትም አለው፤ ለባሰበት ሰው ደሙ እየተመረመረ የሚዋጥ ክኒን አለው፤ ከሁሉም ቅርብ የሆነው ግን በልኩ የሚሞቅ ፀሐይ ነው። እርስዎ ወረቀቱን ገልብጠው አይተው ማኅተም የለውም አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ የለውም።

3. ስለ ፀሐይ ካነሣን፣ ሸጊቱ ጥቅምትንና ኅዳርን ከገዳሪፍ ወዲያ ሰሊጥ ስታጭድ ቆይታለች። ለአጨዳ ሲሆን ተላላፊ አልነበረችም። ስትመለስ ክንዷ ጠርቶ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሰፈሩን ዞረች። በታኅሣሥ ብርድ ሕመሙ መልሶ ብቅ ሲል ግን እርስዎ ቀን ከሌት ወደ ጨለመ ጎጆ አስገቧት። አሁን እስከ ራስ ቅሏ ወጥቷል። ዘበኛው ስለሚከለክለን ምግቧን ደፍ ላይ አስቀምጠን እንመለሳለን። ትናንት በሣሩ ቀዳዳ፣ «አጎቴ፣ እውነትም የሥጋ ደዌ ቢሆንስ? አንተም ባትቀርበኝ ይሻላል» አለችኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን አጣሁ።

4. የቆዳ ሐኪሙ ሐሙስ ገዳሪፍ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጪው ክረምት ማግስት አይመለስም። ተስሪህ የምንለው የካምፕ መውጫ ወረቀት ደግሞ ያለ እርስዎ ድጋፍ አይሰጥም። ተላላፊ ናትና መኪና አትሳፈርም ይላሉ፤ ተላላፊ አለመሆኗን ማን ይመስክርላት ብልዎ የገዳሪፉ ሐኪም ይሉኛል። ነገሩን ሦስት ቀን ባዞረው በየት እንደሚወጣ አጣሁት። አሠራሩን ቢያስተምሩኝ ለፍየሎቼ በረት አጥርበት ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ እሷን ብቻ…

ይቅርታ፣ ከደጅ ሰው ተጣራ። ዘበኛዎ ቱርካ ነው፤ ቤታችን መጥቶ አያውቅም።

ተመለስኩ። ቱርካ ያመጣልኝ ተስሪህ ነው፤ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ቀኑ ሐሙስ፣ ቦታው ገዳሪፍ ሆስፒታል፣ ስሙ ግን የእኔ ነው። በሽተኛዋ ተላላፊ ስለሆነች በእሷ ፈንታ አጎቷ ሐኪሙ ዘንድ ይቅረብ ይላል። የምለምነው አለቀ፤ ሳልለምን ተፈጸመልኝ።

በቸርነትዎ ብዛት አንደበቱ የተሳሰረ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ወኪል በሽተኛ ሆኖ የሚያገለግልዎ፣

አስናቀው፣ የሸጊቱ አጎት

በተጨማሪ፦ ሌላ መንገድ ስለሌለኝ እሄዳለሁ። ሎሪ ላይ ተሳፍሬ ገዳሪፍ እገባለሁ፣ ተራዬን ጠብቄ ክርኔን አሳያለሁ። ክርኔ ጤነኛ ነው፤ ሐኪሙም አይተላለፍም ብሎ ይፈርምልኛል፤ በዚያ ፊርማ እሷን ከጎጆው እንደሚያስወጡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። «በሽተኛዋ ታዲያ የት አለች?» ብሎ ከጠየቀኝ ግን ምን እንደምለው እስከ ነገ ማታ ጽፈው ይላኩልኝ።