ጎብዬ ገበያ ሄዳለች

ለልጄ ለኡሙሃኒ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺንም፣ እዚያ ጅዳ የወለድሻትን ኢቅራንም አላህ በራህመቱ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማሽላው ዘንድሮ አምሮበታል።

ቀበሌ የቤተሰብ መዝገብ ሲያድስ ሄጄ ነበር። እናትሽ በሞት ከተሰረዘች ወዲህ በመዝገቡ የቀረነው እኔና አንቺ ነን። ጸሐፊው፣ "አባባ፣ ከአገር የወጣ ይሰረዛል። ኡሙሃኒ የት ናት?" አለኝ። ለሶላት ያደረግሁት ዉዱእ ሳይፈታ፣ "ጎብዬ ገበያ ሄዳለች" አልኩት። ለምስክርነት የወሰድኩት ጎረቤታችን ሙላው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "አዎ፣ ትመጣለች" አለ። ስንወጣ ግን፣ "አያ በድረዲን፣ የአምስት ዓመት ገበያ! ግመል ልትገዛ ነው እንዴ?" ብሎ አሳቀኝ።

ቤት ስገባ ሳቁ ጠፋ። ለውሸቴ ተውበት አደረግሁ፤ ቃሌን ግን ተመልሼ አላረምኩም።

ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ታደሰልሽ? ኢቅራስ የልደት ወረቀት ተሰጣት? ይህንኑ ስጠይቅሽ ነበር ስልኩ የተቋረጠው፤ እነሆ አራት ወሩ። ደብዳቤውን ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለሀስና ሰጥቻታለሁ።

አሁን በጎብዬ ገበያ ቀን ሁሉ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድ፣ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ አያለሁ።

አላህ ቃሌን ውሸት አድርጎ አያስቀረው።

አባትሽ በድረዲን፣ ከሮቢት