ድምፅ የሚያሾልከው ማዳመጫ

ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው፤ የምታገኘው ሁሉ ደግ ሰው ይሁንልህ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ቀበቶዋ ተቀይሮላት እንደ አዲስ ትሮጣለች። አባትህም ጉልበቱ ተሽሎት ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወጣል።

ለእህትህ ለጌም ውድድሯም ለዘፈኗም የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ «አንቺው ምረጪላት» ባልከኝ መሠረት አብረን ሱቅ ሄድን። ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበልን። አንዱ ጀርባው ድፍን ነው፤ «የስፌት መኪናሽን ጩኸት አያስገባም» አለኝ። የሌላው ጀርባ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ቀለል ይላል፣ በጌሙ ውስጥ የጠላት ኮቴ ከየት እንደሚመጣም በደንብ ለይቶ ያሰማል። «ግን ድምፅ ወደ ውጭ ያሾልካል፤ ቤት ያለ ሰው ይረበሻል» ብሎ አስጠነቀቀን። እኔም በሜትሬ ጭንቅላቷን ለክቼ፣ ሁለቱንም እንደ ሸሚዝ ገልብጬ ስፌታቸውን ካየሁ በኋላ ወንፊቱን መረጥኩ። «ጆሮዋን እንዳያልባት ብዬ ነው» አልኳቸው።

አንተን ግን አልዋሽህም። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት አብራችሁ ስትጫወቱ ድምፅህ ከስፒከሩ ሲወጣ እየሰማሁ ነበር የምሰፋው። «ከኋላሽ፣ ከኋላሽ» ስትላት እኔም ዞር እል ነበር። ድፍኑን ብንገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይቀርብኝ ነበር።

አሁን ወንበሬን ወደ እህትህ አስጠግቻለሁ። ምግብህን በሰዓቱ ብላ፤ ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ። አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርህ፦ ስትጫወቱ ትንሽ ጮክ በልልኝ።

እናትህ